ለራሳቸው ከሰባት በላይ ሰጥተው የማያውቁት የጋሽ ሚዛን የሕይወት ጉዞ

በዚህ ቤተሰብ ውስጥ መለኪያ ከሰው በፊት የተወለደ ይመስላል። ቅድመ አያታቸው በርሜል ሠሪ ነበሩ፤ አዲስ በርሜል ሠርተው ሲጨርሱ በጨለማ ክፍል ውስጡ ሻማ አብርተው ይዞሩታል፤ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ካዩ መልሰው ያፈርሱታል። ሴት አያታቸው ገብስ አብቅለው ለጠማቂዎች የሚሸጡ ነበሩ፤ የደረቀውን ብቅል በጥርሳቸው ሰብረው ድምፁን ሳያዳምጡ አንዲት ቁና ከቤታቸው አትወጣም። አባታቸው የእህል መጋዘን መዛኝ ነበሩ፤ የጎደለውን ማስሞላት ብቻ ሳይሆን የተረፈውንም ለባለቤቱ ይመልሳሉ። ከእነዚህ ሰዎች ለልጅ ልጅ የተላለፈው ሕግ አንድ ነው፤ ለሥራው የመጀመሪያው ምስክር ሠሪው ራሱ ነው፤ ምስክርነቱም ከስሕተቱ ይጀምራል።

ዛሬ በክብር የምንሸኛቸው፣ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ «ጋሽ ሚዛን» እያለ የሚጠራቸው ወንድማችን፣ ከዚሁ መዛኝ አባትና ከትጉህ እናታቸው በ1938 ዓ.ም. ተወለዱ። የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በትውልድ ከተማቸው ካጠናቀቁ በኋላ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብተው በመለኪያ መሣሪያዎች ጥገና በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቀዋል። ከ1959 ዓ.ም. ጀምሮ ለሠላሳ ዘጠኝ ዓመታት የሠሩበት ክፍል ሦስት መስኮቶች ነበሩት፤ አንዱም ተከፍቶ አያውቅም፤ ነፋስ ሚዛን ያሳስታልና። የወርቅ ሚዛን ሲያስተካክሉ ትንፋሻቸውን ይይዙ ስለነበር፣ አለቃቸው በሩን ከማንኳኳታቸው በፊት «እየተነፈስክ ነው?» ብለው የመጠየቅ ልማድ ነበራቸው።

በ1965 ዓ.ም. ከልብስ ስፌት ባለሙያዋ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ቢራ መጥመቅ የጀመሩትም በትዳራቸው ሁለተኛ ዓመት ነበር። የመጀመሪያው ጠመቃ ገና እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ በጠርሙስ ታሽጎ፣ ባለቤታቸው የደንበኞቻቸውን ልብስ በሚያንጠለጥሉበት ቁም ሣጥን ሥር ተቀመጠ። በዘጠነኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ጠርሙሶቹ ተራ በተራ ፈነዱ፤ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስም ከጫፍ እስከ ጫፍ ቢራ ጠጣ።

«ሰውዬ፣ ወይ ቢራው ይውጣ፣ ወይ እኔ ልውጣ!» አሉ ባለቤታቸው።

«አንቺማ የት ትሄጃለሽ፤ ቀሚሱ ገና አልታጠበም» ብለው መለሱላቸው፤ ቀሚሱንም ራሳቸው አጠቡት።

በዚያው ዕለት ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብ ገዝተው በእያንዳንዱ ገጽ ሁለት ዓምድ አሰመሩ። በአንዱ ላይ «ውጤት»፣ በሌላው ላይ «ርካታ» የሚል ጻፉ። ልማዳቸውም ይህ ነበር፤ ለእንግዳ ከመቅዳታቸው በፊት ብቻቸውን ይቀምሳሉ፤ ከዐሥር ነጥብ ይሰጣሉ፤ ጉድለቱን ይጽፋሉ፤ መዝገቡን ይዘጋሉ። ከዚያ በኋላ ሰው ቢያመሰግንም ቢያማም ቁጥሩ አይለወጥም። ለፈነዳው ጠመቃ የጻፉት እስከ ዛሬ ይነበባል፦ «ውጤት፦ ሁለት። ጉድለት፦ ችኮላ። ርካታ፦ አለኝ።»

በሁለት መቶ ዐሥራ ሦስት ጠመቃዎች ውስጥ ለራሳቸው ከሰባት በላይ አልሰጡም። «ርካታ» በሚለው ዓምድ ግን «የለኝም» የሚል ቃል አንድም ጊዜ አልሰፈረም።

ይህ ነገር ጥያቄ ያስነሣው ሴት ልጃቸው በ2002 ዓ.ም. በቢራ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ የሆነ ትዳር ጓደኛ ይዛ ስትመጣ ነው። አማቻቸው የተማረ፣ ሥራውን አክባሪ፣ ነጭ ካፖርቱን በገዛ እጁ የሚተኩስ ሰው ነው፤ ነገር ግን ቤት ውስጥ የተጠመቀ ቢራ በላቦራቶሪ ከተመረመረ ቢራ ጋር ይወዳደራል ብሎ ማሰብ አልሆነለትም። በ2005 ዓ.ም. ከእለታት አንድ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ መዝገቡን አገላብጦ አይቶ እንዲህ አለ፦

«አባባ፣ በድፍረት አይዩብኝና፣ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል። ቤቱ የሚጠምቅ ሰው ሁሉ በቢራው እንደረካ ነው የሚኖረው። የራሱ ስለሆነ እንጂ ጥሩ ስለሆነ አይደለም።»

«እኔ ስቆርስ አይተኸኛል?» አሉት።

«ስድስት ሰጥተው ‹ርካታ አለኝ› ብለው ጽፈዋል! እንዴት ነው የሚገናኘው?»

«ስድስት የሰጠሁት ለቢራው ነው፤ የረካሁት እኔ ነኝ። አራቱ ነጥብ የት እንደቀረ ጠንቅቄ አውቃለሁ። ጉድለቱን የማውቀው ነገር የቤቴ ሰው ነው። አንተ የእናንተን ስትጠጣ የጎደለው የት እንደገባ ታውቃለህ?»

ሳቅ ሆነ፤ ነገሩ ግን በሳቅ አላለፈም። ዕድሜውን ሙሉ ሚዛን ላስተካከለ ሰው «ለራስህ ታዳላለህ» መባል ሚዛን ቀሸብክ ከመባል አይለይም። ስለዚህ ፈተናውን የጠየቁት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው።

በሚቀጥለው እሑድ ከሰዓት በኋላ ስምንት ቀማሾች በመመገቢያው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ጎረቤታቸው ፋርማሲስቱ በማእድ ቤት ሆነው አምስት የፋብሪካ ቢራዎችንና አንድ የጋሽ ሚዛንን ቢራ በስድስት ባለ ቁጥር ብርጭቆ ቀዱ፤ ቁጥሮቹን በዕጣ አወጡ፤ የትኛው የማን እንደሆነ የሚገልጸውን ብቸኛ ወረቀት በፖስታ አሽገው ለአማቻቸው ሰጡ። ነጥብ የሚሰበስበውም፣ ቤቱ ሄዶ የሚደምረውም እርሱ ነበር።

አማቻቸው አራተኛውን ብርጭቆ ብርሃን ላይ አነሣ፤ አሸተተ፤ ጎንጨት አለ፤ ፊቱም በራ። «ይሄማ የእኛ ፋብሪካ ነው! በእንቅልፌም አውቀዋለሁ!» ብሎ ሁሉ እያየው ዘጠኝ ጻፈ።

«በእንቅልፍህ የምትጠጣ ከሆነማ ልጄን አዝኜላታለሁ» አሉ የልጅቱ እናት።

ጋሽ ሚዛን ነጥባቸውን ጽፈው ወረቀታቸውን አጥፈው ሰጡት።

በማግሥቱ አማቻቸው ደውሎ በታሸገው ወረቀት ላይ ውሃ እንደፈሰሰና ቀለሙ እንደጠፋ ተናገረ። ፋርማሲስቱም ቁጥሮቹን አላስታወሱም። ፈተናው ያለ ውጤት ቀረ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ለዐሥራ አንድ ዓመታት በዚህ ቤት ስለዚያ እሑድ ጋሽ ሚዛን አንድም ጊዜ ጠይቀው አያውቁም፤ መጥመቃቸውን ግን በእጥፍ ጨመሩ።

በ2014 ዓ.ም. የልብ ሕመም ስለጠናባቸው ሐኪማቸው ቢራ እንዳይቀምሱ ከለከሏቸው። መቅመስ ተከለከሉ እንጂ መጥመቅ አልተከለከሉም። ወንበር ላይ ተቀምጠው እሳቱን በዓይናቸው፣ ብቅሉን በጆሯቸው፣ ለቢራው ምሬት የሚሰጠውን አበባ በአፍንጫቸው ይመሩ ነበር፤ እጅ የሚሆናቸውም ይኸው አማቻቸው ነበር። ከመጨረሻዎቹ ገጾች በአንዱ «ውጤት፦ ስድስት ተኩል። በአፍንጫ ብቻ ስለተለካ ግማሽ ነጥብ ተቀንሷል። ርካታ፦ አለኝ» የሚል ሰፍሯል። በቤተሰባቸው የቅርብ እንክብካቤ ሲታከሙ ቆይተው፣ በተወለዱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው፣ ዓርብ ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ንጋት ላይ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ይህ ታሪክ ሲዘጋጅ መዝገቡ በቤተሰቡ ፊት ተከፈተ። በአንድ መቶ ሠላሳ አንደኛው ጠመቃ ሥር በፈተናው ማግሥት፣ ሰኞ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ «አራተኛው ብርጭቆ የእኔ ነው፤ ገና ከሩቅ ሸተተኝ። ሰባት ሰጠሁት፤ ምሬቱ ትንሽ ይቀድማል። አማቼ ዘጠኝ ሰጠው። ወረቀቱ ተበላሸ ብሎ ዛሬ ደወለ። ልጁ ደግ ነው፤ ማንም አያስቸኩለው። እውነትና ንጋት ብቻ አይደሉም፤ ቢራም እያደር ይጠራል። ርካታ፦ አለኝ።»

ጋሽ ሚዛን ከባለቤታቸው፣ ከሁለት ልጆቻቸውና ከአምስት የልጅ ልጆቻቸው ሌላ፣ ጡረተኛ መምህር የሆኑ ታላቅ ወንድም፣ ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስት የተፈረመባቸው ገጾችና ገና ያልተከፈቱ አርባ ጠርሙሶች ትተውልናል። ሳያዳሉ የኖሩትን ወንድማችንን አምላክ በማያዳላው ሚዛኑ ይቀበላቸው፤ ለነፍሳቸው ዕረፍትን፣ ለቤተሰባቸው መጽናናትን ይስጥልን።

ከዚህ በታች ያለው በአማቻቸው ጥያቄና በገዛ እጁ ጽሑፍ የታከለ ነው፦

«ወረቀቱ ላይ ውሃ አልፈሰሰም። ከነፖስታው ደርቆ እኔ ዘንድ ነበር፤ ዛሬ በሬሣ ሣጥናቸው ላይ አስቀምጬዋለሁ። አራተኛው ብርጭቆ የአባባ ነበር። በስምንታችን ድምር፣ ሁለተኛ የወጣውን የእኛን ፋብሪካ ቢራ በዐሥራ አንድ ነጥብ በልጦ አንደኛ ወጥቷል። ለእርሱ ዝቅተኛውን ነጥብ የሰጡት ጠማቂው ብቻ ነበሩ። እርሳቸው ለራሳቸው ሲቆርሱ አሳንሰዋል፤ ያዳላሁት እኔ ነኝ። አባባ፣ ተሳስቼ ነበር።»