ሐይቁ ማዶ የቆመው ነዶ

ውድ ወንድሜ ፈርጋል፣

የት ብዬ እንደምልክልህ አላውቅም፤ ዝም ብዬ እጽፋለሁ። ዓሣ ላጥምድ ብለህ የወጣህባት ጀልባ «አለን» በሚባለው ሐይቃችን ላይ ተገልብጣ ከተገኘች ሳምንት አለፈ። የአገሩ ወንድ ሁሉ የኛን ዳር፣ የሊትሪም አውራጃን በኩል፣ በመንጠቆ ሲያስስ ከረመ። አንተ ግን የለህም። እማዬ በሩን አላስቆልፍ ብላለች። «በስብሶ መጥቶ ውጭ ይደር?» ትላለች።

የመንደሩ አስተማሪ ሊያጽናናት መጣና ያንን የድሮ ተረት አነሳ፤ ከጥበብ ምንጭ ልትጠጣ ሄዳ ውሃ ስለወሰዳት፣ ሻነን ወንዝም በስሟ ስለተጠራላት ልጅ። እማዬ ቀና ብላ አየችው።

«እሷስ ወንዝ አገኘች» አለችው። «የኔ ልጅ መቃብር እንኳ የለው።»

ሰውየው ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ።

ትናንት አጎታችን ፓኪ የአጃ ነዶ አስሮ፣ የተባረከ ሻማ ተክሎበት ውሃው ላይ ለቀቀው። አያቶቻችን የሰጠመ ሰው የሚፈልጉት እንዲህ ነበር፤ ነዶው የቆመበት ቦታ ሰውየው አለ ይላሉ። በጀልባ ተከተልነው። «ብረት ተራራ» ከምንለው ተራራችን የሚወርደው ነፋስ ወደ ማዶ፣ ወደ ሮስኮመን አውራጃ ገፋው።

«ኧረ ተዉኝ!» አለ ቀዛፊው ሚክ። «ፈርጋል በቁሙ ለጭፈራ እንኳ ያልረገጠውን አገር ሞቶ ይሄዳል?»

«አንተ ዝም ብለህ ቅዘፍ» አለው ፓኪ። «ውሃ የማን አውራጃ ነው ብሎ አይጠይቅም።»

ሳላስበው ሳቅሁ። ወዲያው እንባዬ መጣ።

አማልክት በደመና ወረዱበት የሚባለው ተራራችን ትናንትም ደመና ለብሶ ነበር። ለኛ የወረደልን የለም።

ነዶው ሸምበቆው ጥግ ደርሶ ቆመ። ነፋሱ እየነፈሰ እሱ ንቅንቅ አላለም። ፓኪ ቆቡን አወለቀ። በዚያ በኩል ማንም አልፈለገህም፤ የኛ ልጅ ከኛ ዳር የት ይሄዳል ብለን የሐይቁን ግማሽ ብቻ ስናስስ ከርመናል።

አሁን የሮስኮመን ሰዎች ገመድና መንጠቆ ይዘው እዚያ ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ውሃው ውስጥ እንዳትኖር ስጸልይ ነበር። ተቀይመኸን እንግሊዝ አገር ሄደህ ይሆናል፣ ሰክረህ የሆነ ቤት ተኝተህ ይሆናል እያልኩ። ከእንግዲህ እንዲያ መጸለይ አልችልም። እማዬ ነጭ ሸሚዝህን እየተኮሰች ነው፤ እሁድ ለቅዳሴ ይለብሰዋል ትላለች።

ፈርጋል፣ በሞቴ፣ እባክህ እዚያ ሸምበቆው ጥግ ሁን።

እህትህ አትራክታ