ስለ ጠመንጃዎቼና ስላነሣኋት አንዲት ጣት

እኔ ዴልማር ሃቸንስ፣ በተኩስ ሜዳ ስሜ «ነጎድጓዱ ዴል»፣ ዕድሜዬ ሰማንያ አንድ፣ ዛሬ እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 2016 በአሪዞና፣ በቤንሰን ከተማ፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ ይህን የኑዛዜ ቃል በምስክሮች ፊት አስጽፌአለሁ። ልቤ ደክሟል፤ አእምሮዬ ግን ጤነኛ ነው። ጤና የጎደለውስ ያኔ፣ መሣሪያዎቹን ስገዛ ነበር።

አንደኛ፤ ባለ 44 ጥይት ጠመንጃዬንና ሁለቱን ባለ 45 ሽጉጦቼን፣ እንደ ድሮ ካውቦይ ለብሰን የብረት ዒላማ እየመታን ለምንወዳደርበት ለካውቦይ ተኩስ ማኅበራችን ሰጥቻለሁ። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ሎርና፣ «ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥይት ግዛ፤ አንተ እንኳን ጥይት ካልሲህንም አትለይ» ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም። በትልቁ ውድድር ላይ የሽጉጡን ጥይት ጠመንጃው ውስጥ ከትቼ ተቀረቀረብኝ። ያ ሁሉ ባለ ባርኔጣ እያየኝ በእርሳስ ስጎረጉር ሰዓቱ አለቀ። ጀማሪዎች ሆይ፣ ሚስቶቻችሁን ስሙ።

ሁለተኛ፤ ባለ ሁለት አፈሙዙን ጠመንጃዬንም ማኅበሩ ይውሰደው። ወዳጄ ኦርቪል ፕራት ሃያ ዓመት ቋምጦለታል፤ ነገር ግን የኑዛዜ ምስክር ራሱ ሲወርስ ስለማያምር፣ እንዲወርስ አልፈለግሁም።

«አውቀህ ነው ምስክር ያደረግከኝ፣ አንተ ተንኮለኛ ሽማግሌ!» አለ ኦርቪል አልጋዬ አጠገብ ሆኖ።

አውቄ ነው።

ሦስተኛ፤ ሁለቱ ባለ 38 ሽጉጦች የልጄ የሮዌና ይሁኑ። አዎን፣ የእኔ ናቸው። በዚህ ቀጭን ጥይት ስለምትተኩስ «38 የአይጥ መግደያ ነው» እያልሁ ስሳለቅባት የኖርሁት ሰውዬ፣ የእጄ አንጓ ከታመመ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት የተኮስሁት በእነርሱ ነው። ጥይቱን በ45 ካርቶን እደብቀው ነበር።

አራተኛው ዕቃ አይደለም። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ሮዌና አንድም ሳትስት ልትጨርስ የመጨረሻዋን ጥይት ስትተኩስ፣ ስሕተት ከሚቆጥሩት ሦስት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። ጣት ማንሣት «ሳተ» ማለት ነው፤ ከሦስቱ ሁለቱ ካነሡ ይጸናል። ሕጋችን፣ የተጠራጠረ ሰው ጣቱን አያንሣ ይላል። እኔ ግን አልተጠራጠርሁም፤ ጥይቷ ያገኘችው ብረት ቀጭን ድምፅ ሲሰጥ ሰምቻለሁ። ያን ዕለት እኔ አምስት ስቼ ነበርና፣ በዚያች አይጥ መግደያ መበለጤ አንገበገበኝ። ጣቴን አነሣሁ። ሌላው ቆጣሪ ኦርቪልም ጆሮው ስለማይሰማ እኔን አይቶ አነሣ። ሜዳልያዋ ቀረ፤ ልጄም ከዚያ ወዲህ ሜዳውን አልረገጠችም። አፍሬአለሁ። የማኅበሩ መዝገብ ይታረም።

ሮዌና ከግርጌዬ ቆማ፣ «አባዬ፣ እኔም እኮ ሰምቼው ነበር» አለች።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አንተ እስክትናገር ነዋ!»

ከዚያም ሽጉጦቹን ከሣጥኑ አውጥታ አየቻቸውና፣ «የቅዳሜው ውድድር ስንት ሰዓት ነው?» ብላ ጠየቀች።

ይህ በፈቃዴ የተናገርሁት ነው፤ ከዚህ በፊት የፎከርሁት ሁሉ ፈርሷል።

ተናዛዥ፦ ዴልማር ሃቸንስ፣ ከዛሬ ጀምሮ «ባለ 38ቱ ዴል»።

ምስክርና ጸሐፊ፦ ጎረቤቱ ቬልማ ኦርቲዝ።

ምስክር፦ ኦርቪል ፕራት፤ የመስሚያ መሣሪያዬን አድርጌ፣ ማንንም ሳላይ፣ በራሴ ጆሮ ሰምቼ።