ጉንዳን የጾመበት ቤት

ውድ ዶይና፣

ይህን ደብዳቤ ሹፌሩ ኔሉ በእጅሽ ይሰጥሻል። ስልክ እያለ ወረቀት ምን አስፈለገ እንዳትዪኝ። በስልክ ሳወራሽ ልጅሽ ሬሙስ ትከሻዬ ላይ ይንጠለጠላል፤ እናትሽ ከኋላ ሆነው «በልታ እንደሆነ ጠይቃት!» ይላሉ፤ ያንቺም መልክ ስልኩ ላይ ቀጥ እያለ የልቤን ሳልነግርሽ «በሉ ደህና ዋሉ» ይመጣል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቅዟል። ግራ ገብቶኛል። ግራ ያጋባኝ ደግሞ አንቺ የላክሽው ጉንዳን ነው።

ጥቅሉ የደረሰን ጾሙ በገባ ሳምንት ነው። ኔሉ እንደ ወትሮው ከጣሊያን ዕቃ ጭኖ የመጣውን ሚኒባስ ቤተ ክርስቲያኑ ፊት አቁሞ፣ ስም እየጠራ ሲያድል፣ እኔ የጠበቅኩት ፓስታ፣ የልብስ ሳሙናና የልጆች ጫማ ነበር። እሱ ግን ካርቶኑን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ አመጣና «ቀስ በል ኮስቴል፣ ነፍስ ያለው ነገር ነው፤ ከፓዶቫ እስከዚህ ድረስ እግሬ ሥር አድርጌ ሳሞቀው ነው የመጣሁት» አለኝ። ስከፍተው የመስታወት ሳጥን፣ የላስቲክ ቱቦ፣ የጄሶ ከረጢት፤ ደግሞ አፉ በጥጥ የተወተፈ ቀጭን ብልቃጥ፣ ውስጡ አንዲት ትልቅ ጉንዳንና ጥቂት ትናንሾች፣ ከሥራቸውም ነጫጭ እጮች። እኛ እኮ በጋ በመጣ ቁጥር ከስኳር ዕቃ ውስጥ ጉንዳን ስንለቅም የምንውል ሰዎች ነን! ከጣሊያን ጉንዳን ማስመጣት ምን የሚሉት ነገር ነው ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ።

ልጆችሽ ግን ለካ ካንቺ ጋር ሲመክሩ ከርመዋል። ኢሊንካ ጄሶውን በጥብጣ ሳጥኑ ውስጥ አፈሰሰችና ሳይደርቅ በማንኪያ ጀርባ ክፍል ክፍል አበጀችለት። ሬሙስ ቱቦውን ገጠመ። እኔ፣ ቀኑን ሙሉ እንጨት ስሰነጥቅ የዋልኩት ሰውዬ፣ «አባዬ ያዝ፣ አባዬ ልቀቅ» ስባል አመሸሁ። ሳጥኑን በቀይ ላስቲክ ሸፈኑት፤ ጉንዳን ቀይ ስለማይታየው ጨለማ ይመስለዋል አሉኝ። እንዳይወጡም ጠርዙን ዘይት ቀቡት። እናትሽ እጃቸውን አጣምረው ሲያዩ ቆዩና «ከቅዱሳን ሥዕል ሥር ብቻ እንዳታስቀምጡት» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ጣጣው የመጣው በምግቡ ነው። ኢሊንካ መስኮቱ ላይ የዓመቱን የመጀመሪያ ዝንብ አይታ ጫማዋን ስታነሳ እናትሽ እጇን ያዙት።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ለጉንዳኖቹ ነው አያቴ። ማር ብቻ አይበቃቸውም፤ እጮቹ ሥጋ ይፈልጋሉ።»

«በዚህ ቤት እስከ ፋሲካ ሥጋ የሚባል አይገባም!»

«ዝንብ ደግሞ ሥጋ ነው?» አለ ሬሙስ።

«ታዲያ ጎመን ነው?»

«ጉንዳን እኮ ክርስቲያን አይደለም!»

«ቤቱ የክርስቲያን ነው! እኔ አሮጊቷ በቦሎቄ እየዋልኩ፣ ጉንዳን ፊቴ ቁጭ ብሎ ሥጋ ሊበላብኝ?»

ልጆቹ ፍረድ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እናትሽን ታውቂያቸዋለሽ። «የቤቱን ሕግ እንጠብቅ» አልኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔንም ሳይመቸኝ አልቀረም፤ ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ ቦሎቄዬን እየበላሁ ጉንዳን ሲፈስክ ማየት ቅር ይለኝ ነበር። እናም ጉንዳኖቹ ከእኛ ጋር ጾሙ። ማር ጠብ ተደረገላቸው፣ የተቀቀለ ቦሎቄ ተፈርፍሮ ቀረበላቸው።

ከዚያ አንድ ጠዋት ኢሊንካ ቤቱን በጩኸት አናጋችው። «እየበሏቸው ነው! ልጆቻቸውን እየበሏቸው ነው!» ቀዩን ላስቲክ ገልጬ ባይ እውነትም አንዷ ጉንዳን ነጩን እጭ ይዛ ታኝከዋለች። ከእጮቹ የቀረ የለም ማለት ይቻላል። «አይዞሽ፣ ጉንዳን እኮ ነው» ብላት ባሰባት። «አንተ ምንም አታውቅም! ሥጋ ሲያጡ የራሳቸውን ይበላሉ! አያቴ ናት ያስጾመቻቸው!» ብላ ስልኬን ነጥቃኝ ደወለችልሽ። ስትነግርሽ እጅሽን አፍሽ ላይ አደረግሽ፤ መልክሽ እዚያው ላይ ቀጥ አለና መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ስደውል ዐይንሽ ቀልቷል። «ወይዘሮ ኦርኔላን ላጥባት ነው» ብለሽ፣ የምታስታምሚያትን አሮጊት ሰበብ አድርገሽ ዘጋሽው። ዶይና፣ ሰው ለጉንዳን እንዲህ ያለቅሳል?

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ቤት መሆኑ ቀረ። ኢሊንካ አያቷን አታናግርም። ፋሲካ መቼ ነው እያለ ጆሮዬን ያደነቁር የነበረው ሬሙስ ፋሲካን ማንሣት ተወ። እኔም ክፉ ክፉውን አሰብኩ፤ አልደብቅሽም። እዚያ ሌላ ኑሮ ለምዳ ይሆን? ይህን ሳጥን የላከችው በራሷ ፈንታ ይሆን? ሰው ግራ ሲገባው የማያስበው የለም።

ምስጢሩን ያወጣው ሬሙስ ነው። የጫማውን ክር ሳስርለት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባዬ፣ እማዬ አሁን አትመጣም አይደል?» አለኝ።

«ማን አለህ?»

«እጮቹ አድገው ጉንዳን ሆነው ሲወጡ እኔም ቤት እገባለሁ ብላን ነበር። ተበሉ እኮ።»

ክሩን ለቀቅኩት። ለካ ለፋሲካ እንዲደርሱ አስበሽ ነው የላክሻቸው። ቤት ውስጥ ይህን የማናውቀው እኔና እናትሽ ብቻ ነበርን። ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም? ይህ አሁንም አልገባኝም፤ ብቻ ልቤ ስንጥቅ አለ።

ለእናትሽ ነገርኳቸው። በማግስቱ ብሥራት ነበር፣ ዓሣ የሚፈቀድበት ቀን። ዓሣውን ጨው ሳይነኩት ጥቂት ቆረሱ፣ እሾሁን አንድ በአንድ ለቀሙ፣ በወረንጦ ይዘው ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጡ። ጉንዳኖቹ ወዲያው ከበቡት።

«ዛሬ ለሁሉም ተፈቅዷል» አሉ እናትሽ።

«ነገስ?» አለ ሬሙስ።

«ነገ ደግሞ መነጽሬን አላደርግም። ዝንብ ገባ አልገባ እኔ በምን ዐይኔ አያለሁ?»

ኢሊንካ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝንብ ውልብ ባለ ቁጥር እናትሽ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጋሉ።

በዚያው ቀን ማዕድ ላይ እናትሽ ተክዘው «ምን ይደረግ፣ ንግሥት የሌለው ጎጆ ሆንን» አሉ። ሬሙስ ማንኪያውን አስቀመጠ። «እማዬ እኮ ንግሥት አይደለችም! ንግሥት ከቤት አትወጣም፤ ቁጭ ብላ ታዛለች፣ ሁሉም ያጎርሳታል። ንግሥቲቱ አንቺ ነሽ አያቴ!» እናትሽ ስቀው ትን አላቸው። «እማዬ ሠራተኛዋ ናት፤ ሩቅ ሄዳ ምግብ የምታመጣው።»

«እኔስ?» አልኩ። ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር።

«ወንድ ጉንዳን ሥራ የለውም» አለች ኢሊንካ። «ይበላል፣ ያገባል፣ ይሞታል።»

«ወይ እውነት!» አሉ እናትሽ።

ፊቴን አይታ መሰለኝ ኢሊንካ ቶሎ ብላ «ግን አባዬ፣ ክንፍ አለው» አለች።

ይህ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ንግሥቲቱ አዲስ እንቁላል ጥላለች፤ ኢሊንካ ግን ለፋሲካ አይደርሱም ትላለች። ሳስበው ደግሞ አንቺም የምትደርሺ አይመስለኝም። የጣሊያኖቹ ፋሲካ ከእኛ ይቀድማል፤ በእኛ ፋሲካ ወይዘሮ ኦርኔላን የሚይዝልሽ ማን አለ? ይህን አፍ አውጥተሽ መናገር አቅቶሽ ይሆናል ያለቀስሽው። ወይም ተሳስቼ ይሆናል። ልብሽን ከዚህ ሆኜ ማንበብ አልቻልኩም፤ ናፍቀሽኛል፣ እሱን ብቻ ነው በእርግጥ የማውቀው።

እንግዲህ ኔሉ ለሦስት ሰው ቦታ ይዞልኛል፣ ለእኔና ለልጆቹ። አለቃዬም ፈቅዶልኛል። እናትሽ ከጉንዳኖቹ ጋር ቀርተው በፋሲካ ጠዋት በእንቁላል አስኳል ሊያስገድፏቸው ምለዋል። ቀይ የተቀባውን እንቁላል እኛ ይዘን እንመጣለን፤ ለወይዘሮ ኦርኔላም አንድ አለ። የት እንደምናድር አላውቅም፤ አሮጊቷ ደስ ይላት አይላት አላውቅም፤ አንቺ ራስሽ በር ላይ ስታዪን ምን እንደምትሆኚ አላውቅም። ስለዚህ ለኔሉ አንድ ቃል ስጪው፦ ትመጫለሽ፣ ወይስ እንምጣ?

ለልጆቹ ገና አልነገርኳቸውም። ሬሙስ ግን አንድ ነገር ሳይሸተው አልቀረም። ትናንት ሸሚዜን ስለብስ ከኋላዬ ቆሞ ትከሻዬን ዳበስ ዳበስ አደረገና «አባዬ፣ ክንፍህ የት አለ?» አለኝ።

«ኔሉ ጋ ነው» አልኩት። «እማዬ እሺ ካለች ይሰጠኛል።»

ዛሬም ጠዋት ተነሥቶ ጀርባዬን አየልኝ።

ክንፉን ካንቺ የሚጠብቀው ባልሽ፣
ኮስቴል