ከበሩ አጠገብ ያለው ወንበር

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

በሩ ዛሬም ተከፈተ። ማንም ሳይነካው፣ በራሱ፣ ቀስ ብሎ… እንደ ሰነፍ ሰው እየተንጠራራ።

በማዕከላችን የተጎዱ ልጆችን ለምክር ከምናነጋግርባቸው ሦስት ክፍሎች እንዲህ የሚያደርገው የኔው ብቻ ነው። ወረቀት አጥፌ ከሥሩ ስሸጉጥበት አሥር ደቂቃ ይታገሣል፣ ከዚያ እንደገና። ዛሬ ልጅቷ ቀና ልትል ስትል ተከፈተና አንድ ካርቶን የተሸከመ ሰውዬ አንገቱን አስግጎ አየን። "ይቅርታ" እንኳን አላለም። ምን ትርኢት ያለ መሰለው?

ልጅቷን እዚህም በስሟ አልጽፋትም። ባለ ሹራቧ ልበላት፤ ሙቀትም ሆነ ብርድ እጅጌዋን እስከ ጣቷ ጫፍ ስባ ነው የምትቀመጠው። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ያመጣቻት የምታሳድጋት አክስቷ ናት። ምን እንደደረሰባት ፋይሉ ላይ አለ፤ ፖሊስ ጽፎታል፣ ሐኪም ጽፎታል። ለኔ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። አምስት ማክሰኞ ሙሉ "ደህና ነኝ"፣ "አላውቅም"፣ የውሃ ጠርሙሱን ወረቀት መላጥ… በቃ። ግን ትመጣለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲል እዚያ ናት። የባለሙያዎቹ ኃላፊ የመሆን ጣጣ ጊዜዬን ስለበላው ራሴ የያዝኩት ሁለት ልጅ ብቻ ነው፤ አንዷ እሷ ናት። በሩ ወለል ብሎ ሳለ እንዴት ብዬ ነው "ንገሪኝ" የምላት?

አስተዳዳሪው ዘንድ ሄድኩ። "በሂደት ላይ ነው" አሉኝ። ከሰኔ ጀምሮ በሂደት ላይ ነው። ሂደቱ እግር ቢኖረው ዓለምን ዞሮ ይመለስ ነበር።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ሦስተኛ ደብዳቤ። አቶ በሂደት ላይ (ከዛሬ ጀምሮ ስማቸው ይኸው ነው) አነበቡት፣ አገላበጡት፣ መነጽራቸውን ጠረጉ።

"በሩ ንብረት ክፍልን ነው የሚመለከተው። ቁልፉ ግን ጥገናን።"

"ማጠፊያውስ?" አልኳቸው።

አሰቡበት! እውነት አሰቡበት! እኔ እኮ ላሾፍ ነው። ለሁለቱም ክፍል አንድ ዓይነት ደብዳቤ ጽፌ ወጣሁ። ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ለዚህ ነበር ማለት ነው።

ቤት ስገባ ልጄ በሯን ዘግታለች። ከፈትኩት።

"እማ! አንኳኪ እንጂ!"

"ምን ደብቀሽ ነው?"

"ምንም! ግን አንኳኪ!"

ቢያንስ በዚህ ቤት በር ይዘጋል።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ባለ ሹራቧ ዛሬ ራሷ ጠየቀችኝ! የመጀመሪያ ጥያቄዋ።

"በሩ ለምንድነው የማይዘጋው?"

"ተበላሽቶ ነው የኔ ልጅ። አይዞሽ፣ አሠራዋለሁ። ቃሌ ነው።"

ጠርሙሷን መላጧን ቀጠለች። ዓይኗ ግን ከበሩ አይነቀልም፤ በትከሻዬ አልፋ እሱን ነው የምታየው። ሰው ያየኛል ብላ እኮ ነው… አንጀቴን በላችው። ይሄን በር ሳላሠራ ብቀር እኔ ሰው አይደለሁም።

ጥቅምት 14

አቶ በሂደት ላይ ስብሰባ ላይ ናቸው። ከትናንት ወዲያ የገቡበት ስብሰባ። ስንቅ ይዘው ነው የገቡት?

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

በቃኝ። ጆሮ ዳባ ልበስ ላለ ሰው ደብዳቤ ምን ያደርጋል? ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ወንበር ተሸክሜ ቢሯቸው ገባሁና በራቸው ላይ ተቀመጥኩ። ልክ በሩ ላይ።

"ምን እያደረጉ ነው?"

"እየሠራሁ ነው። የኔ ክፍል በር ስለሌለው የእርስዎን ልጠቀም ብዬ።"

መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥለው ስልክ አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡ። ተነሡ፣ ተቀመጡ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። "ኧረ እባክዎ ያሳልፉኝ… አየር አጠረኝ!" ሁለቱን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ፈረሙ። ወንበሬን ይዤ ስወጣ ጸሐፊያቸው አፏን ይዛ ትስቃለች፤ እኔም ኮሪደሩን እስክጨርስ ሳቅሁ። ግዙፍ ሰውዬ፣ አንዲት ሴት በሩ ላይ ተቀመጠችብኝ ብሎ እንዲህ መርበድበድ!

ባለ ሹራቧም መጣች። ጠርሙሷን ላጠች። "በዚህ ሳምንት ይሠራልሻል" አልኳት።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

አናጺው መጣ! አዲስ ማጠፊያ፣ አዲስ ቁልፍ፣ ጠርዙንም ላገልኝ። ሲዘጋ "ቀጭ" ይላል። ሃያ ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት። ጀማሪዋ ባለሙያችን፣ ትንሿ የምንላት፣ ከጎን ክፍል መጥታ አጨበጨበችልኝ። ለአንድ በር አምስት ወር… ግን አሸነፍኩ።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ደስታዬ ሃያ ደቂቃ ቆየ።

ባለ ሹራቧ ገባች፤ እንደ ወትሮዋ ውስጥ፣ ግድግዳው ጥግ ተቀመጠች። እኔም በቦታዬ፣ በሩ አጠገብ። ዘጋሁት። ቀጭ። "አየሽ? አሁን ማንም አያየንም፣ ማንም አይሰማንም" አልኳት። እንዴት ኮርቼ!

ጠርሙሱን እንኳን አልነካችም። እጇ እጅጌዋ ውስጥ ጠፋ። ሃያ ደቂቃ እንደዚያ ቆየችና "ሽንት ቤት ልሂድ?" አለች። ተነሥቼ ከፈትኩላት። አልተመለሰችም። ቦርሳዋን ጥላ ነው የሄደችው።

ምን ነካት? ሆዷን አሟት ይሆን?

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ቀረች። አክስቷ ጋ ደወልኩ።

"ሆዴን ነው ትላለች፣ ዶክተር።" ዶክተር አይደለሁም። መቶ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ።

"በሰዓቱ ይዘዋት ቢወጡ እኮ…"

"እኔ ምን ላድርግ? ድሮ እሷው ነበረች የምታቻኩለኝ።"

ድምፄን ከፍ አደረግሁባቸው። ጥፋታቸው ምን እንደሆነ አሁን ሳስበው አላውቀውም።

በተከታታይ ሦስት ጊዜ የቀረ ልጅ ፋይሉ ይዘጋል። አርባ ልጅ ተራ ይጠብቃል፤ ደንብ ነው። እንግዲህ… አንድ።

ኅዳር 4

እንግዶች ሊጎበኙን መጡ። "ከልጆቹ ጋር ፎቶ መነሣት ይቻላል?" አለኝ አንዱ። ከየት ነው የሚለቅሟቸው? አይቻልም አልኩት። ሌላ የሚታይ ነገር ስላልነበረኝ አዲሱን በር አሳየኋቸው። በጣም አደነቁ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ሁለት።

ዛሬ ያልጮህኩበት ሰው የለም። ጥበቃው ላይ፦ "መግቢያው ላይ ምን ብለሃት ነው?" "ኧረ እኔ ሰላም ብቻ ነው የምላት!" ትንሿ ላይ፦ ለምን እንደሆነ እንጃ፤ አጠገቤ ስለነበረች መሰለኝ። አክስቷ ላይ፣ በስልክ፦ "ትንሽ ቢያበረታቷት ምናለበት?"

"ማክሰኞ ሲደርስ አልጋ ሥር ነው የማገኛት። ጎትቼ ላምጣት?"

አይ… አይጎትቷት።

አቶ በሂደት ላይ ደግሞ በእግራቸው ደጃፌ ድረስ መጡ። "የሚቀጥለው ሦስተኛዋ ነው አይደል? ደንቡን እኮ ያወጡት ራስዎ ነዎት።" ፋይል ለመዝጋት ሲሆን ሂደት የለባቸውም ሰውዬው። በሩን ዘጋሁባቸው። ቀጭ። የበሩ ጥቅም እስካሁን ይኸው ነው።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ዛሬ የሰማሁትን ሳልተኛ ልጻፈው።

እትዬ፣ ክፍሎቹን የሚያጸዱልን እናት፣ መደርደሪያዬን ሲወለውሉ የባለ ሹራቧን ቦርሳ አነሡና፣ "ይቺ ልጅ በዚያው ቀረች አይደል?" አሉኝ።

"ቀረች እትዬ። ምን እንዳስቀየማት እንጃ።"

"እኔማ ያን ለት ሽንት ቤት አግኝቻት ነበር።"

"መቼ?"

"በሩ የተሠራ ሰሞን ነዋ። አንጋጣ መስኮቱን ታያለች። 'እማማ፣ በዚህ መውጣት ይቻላል?' አለችኝ። 'በደጁ አትወጪም እንዴ ልጄ?' ብላት፣ 'ክፍሉ ውስጥ በሩ ላይ እሳቸው ተቀምጠውበታል፣ መልሰው ያስገቡኛል' አለችኝ። ትንቀጠቀጥ ነበር። በጓሮ በኩል አወጣኋትና አክስቷን ጠራሁላት።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?!"

"መቼ ጠየቅሽኝ? አንቺን ሰሞኑን ማን ያናግርሻል፣ ስትጮኺ ነው የምትውዪው።"

እውነታቸውን ነው።

እትዬን እጃቸውን ይዤ ክፍሉ አስገባኋቸው። የኔ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው፣ እኔ የልጅቷ ላይ ተቀመጥኩ። በሩን እንዲዘጉት ነገርኳቸው። ቀጭ።

ከዚያች ወንበር ምን ይታያል? የእትዬ ጉልበት። ከጉልበታቸው ኋላ የተዘጋ በር። ሌላ ምንም የለም።

መመሪያችን ላይ አለ፦ "ባለሙያው ምንጊዜም ለበሩ ቅርብ ይቀመጣል።" ማን ጻፈው? እኔ። ከአራት ዓመት በፊት አንድ የተቆጣ አባት ባልደረባዬን "ከዚህ አትወጪም" ብሎ ስላገታት፣ ባለሙያ መውጫ አይጣ ብዬ። ለባለሙያው አሰብኩ። ትልቅ ሰው በበሩና በሷ መካከል ሲቆም ምን እንደሚመጣ ለምታውቅ ልጅስ? በሩ እስካልገጠመ ድረስ ችላው ነበር። ያ የተበላሸ በር ነበር አምስት ማክሰኞ፣ ሰባት ማክሰኞ ያመጣት! እኔ ተሟግቼ፣ ሰው አስጨንቄ አሠራሁት። ከዚያ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ "ማንም አያየንም፣ ማንም አይሰማንም" አልኳት። ያ የበደላት ሰውዬስ ምን ብሏት ነበር?

አቶ በሂደት ላይ ሩብ ሰዓት አልቻሉም። ሳቅሁባቸው።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች… እንዲህ አፍሬ አላውቅም። እትዬ ፊት አለቀስኩ። "በቃ፣ በቃ ልጄ፣ ወንበር እኮ ነው፤ ይነሣል" አሉኝ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

የሦስቱንም ክፍል ወንበር አዞርን። የልጆቹ በሩ አጠገብ፣ የኛ መስኮቱ ሥር። ያቺን መስመር ከመመሪያው ላይ በእስክሪብቶ ሰረዝኳት። ለኛ ደግሞ የድንገተኛ ደወል ይገጠምልን ብዬ ጻፍኩ። እሱ እንግዲህ በሂደት ላይ ነው።

ትንሿ ጠረጴዛውን እየገፋች፣ ቀስ ብላ፦ "እኔ አምና ጠይቄዎት ነበር እኮ።"

"ምን አልኩሽ?"

"'መመሪያ ነው' አሉኝ።"

አፌን ቁርጥ ያርገው።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

አክስቷ ጋ ደወልኩ። "አይቆጧትም አይደል?" አሉኝ ገና ከሰላምታው። ይኸው፣ እኔን ነው እንዲህ የሚፈሩት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረጉላት። ስትተነፍስ ይሰማኛል።

"እኔ ነኝ። መልስ አያስፈልግም። በሩ ላይ ተቀምጬብሽ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ያንቺ አይደለም። ወንበሮቹን ቀይሬያቸዋለሁ። ከበሩ አጠገብ ያለው ያንቺ ነው። ብትመጪ በሩን አንቺ እንደፈለግሽ ታደርጊዋለሽ። ባትመጪም አልቀየምሽም፤ ቦርሳሽን እልክልሻለሁ።"

ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ኅዳር 14፣ እሑድ

የልጄን በር አንኳኳሁ። "ምን ሆነሻል እማ? አመመሽ እንዴ?" አለችኝ።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ዘጠኝ ሰዓት። የለችም። ዘጠኝ ከሩብ… የለችም። መስኮቱ ሥር ጉልበቴን አጥፌ ተቀምጫለሁ። መዝገቡ ጭኔ ላይ፣ ሦስተኛዋ መስመር ባዶዋን። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አቶ በሂደት ላይ ሲያልፉ አንገታቸውን አስገቡና "ይሄ በር አሁንም አይዘጋም እንዴ?!" አሉ። አፈጠጥኩባቸው፤ ሄዱ።

ዘጠኝ ተኩል ሊሆን ሲል ቀና ስል ደፉ ላይ ቆማለች። አክስቷ ኮሪደሩ ላይ ቀሩ። ወንበሩን አየችው። እኔን አየችኝ፣ የት እንዳለሁ። ከዚያ ወንበሩን ይበልጥ ወደ በሩ ሳበችና ተቀመጠች።

ለኔ ዝም ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

እጀታውን ያዘች። ዘጋችው፤ ቀጭ። ወዲያው ከፈተችው። ዘጋች፣ ከፈተች… ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም። በመጨረሻ ስንዝር ያህል ክፍት ተወችውና ጠርሙሷን አንሥታ መላጥ ጀመረች። መዝገቡ ላይ "ተገኝታለች" ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ሰው በኮሪደሩ አለፈ፤ ቀና ብላ እስኪርቅ ተከተለችው። ጠርሙሱን አስቀመጠች።

"ልዝጋው?"

"እንደፈለግሽ።"

ተነሥታ ዘጋችው። ተመልሳ ተቀመጠች፣ እጀታውን አንድ ጊዜ ነካ አደረገችው። ከዚያ ነገረችኝ።

ያለችውን እዚህ አልጽፍም፤ የሷ ነው። ሲበቃት ራሷ ከፈተችው፣ ቦርሳዋን አነገተች፣ "ማክሰኞ" ብላኝ ወጣች።