ሊጥ ላይ ምልክት እንዳይደረግ ለከለከሉት ጠንቃቃ ሰው

ለክቡር ሲ ሙፈደል፣ የከተማችን የምግብ ንጽሕና ተቆጣጣሪ
ተቱዋን

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጌታዬ፣ እርስዎና ቤተሰብዎ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ ሰፈር ጤና ትንሽ ታውኳል እንጂ ሌላው ደኅና ነው።

ፎቶግራፍዎ «የዓመቱ ጠንቃቃ ሠራተኛ» ከሚል ጽሑፍ ጋር በገበያው በር ላይ ተሰቅሎ አየሁ። ትምህርቴ አጭር ስለሆነ ቃሉን በደንብ ልረዳው ብዬ ልጄን ብጠይቃት፣ ጥቃቅኗን ነገር እንኳ ሳያይ የማያልፍ ሰው ማለት ነው፣ በዓረፍተ ነገር ካላስገባሽው ግን አልገባሽም አለችኝ። ይኸው እንዳቅሜ ልሞክር።

1ኛ. ሁላችንም ሊጣችንን ከቤት እያመጣን ወደምናስጋግርበት የሰፈራችን ምድጃ ሲመጡ በነጭ መሐረብዎ የበሩን ጉበን ጠረጉ፣ የጋጋሪውን ጥፍር አንድ በአንድ መረመሩ፤ አቧራችን እንዲህ ተከብሮ አያውቅምና እናመሰግናለን። ከዚያ ሊጣችን ላይ ያለውን ምልክት አይተው ተጸየፉ። እኔ በሹካ፣ ጎረቤቴ ላላ ኑፊሳ በቁልፍ እንጫነዋለን፤ ዳቦው ከምድጃ ሲወጣ የማን እንደሆነ የምንለየው በዚያ ነው። እርስዎ ቆሻሻ ነው ብለው ሁሉም ልሙጥ ሆኖ እንዲገባ አዘዙ። ለምን እንደምናደርገው አልጠየቁም፤ ጠንቃቃ ሰው በማይረባ ጥያቄ ጊዜውን አያጠፋም መሰለኝ።

2ኛ. ላላ ኑፊሳ ልባቸው ደካማ ስለሆነ ሐኪም ጨው ከልክሏቸዋል። ዳቦው ሁሉ አንድ ሲመስል የእሳቸው እኔ ቤት፣ የእኔ እሳቸው ቤት ይገባ ጀመር። እኔ ዳቦው አልጫ ሆነብኝ ብዬ ምራቴን ስነዘንዝ ሰነበትኩ። እሳቸው ደግሞ ደረጃው ላይ አግኝተውኝ፣ «ረሂሞ ልጄ፣ ይሄ አዲሱ መድኃኒት ጉድ ነው፣ ምላሴ ተመለሰልኝ እኮ» ሲሉኝ አብሬ ደስ አለኝ። ብዙም ሳይቆይ እግራቸው አበጠ፣ ትንፋሻቸው አጠረ፣ ሆስፒታል ገቡ።

3ኛ. ይህን ላስረዳ ቢሮዎ ብመጣ ጫማሽን ጥረጊ አሉኝ፤ ጠረግሁ። ነገሩን ሰምተው ሲጨርሱ «ሴትየዋ ሞተዋል?» አሉኝ። ኧረ በሕይወት አሉ ስልዎት «ታዲያ ምን አስቸኮለሽ?» አሉኝ። ስለ መረጋጋትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

እንግዲህ ዓረፍተ ነገሬ ይኸውና፦ ሲ ሙፈደል ጠንቃቃ በመሆናቸው ላላ ኑፊሳ በኦክስጅን ይተነፍሳሉ።

ሐሙስ ቤታቸው ይመለሳሉ ተብሏል። ቤታቸው ምድጃ የለም፣ የሚበሉት ከዚያው ከሰፈሩ ምድጃ የሚወጣውን ነው። ከሐሙስ በፊት ክልከላውን ቢያነሱልን፣ ካልሆነም ፎቶግራፍዎን ከገበያው በር አውርደው በላላ ኑፊሳ አልጋ ራስጌ ቢሰቅሉልን፣ ማን እንዳሰበላቸው እያዩ ይተነፍሳሉ።

እጇን በሳሙና ሁለቴ ታጥባ በታላቅ አክብሮት የጻፈችልዎ፣
ረሂሞ፣ ከምድጃው በላይ ካለው ቤት

ማስታወሻ፦ እናትዎ ትናንት ሊጣቸውን ወደ ምድጃው ይዘው መጥተው በአውራ ጣታቸው ምልክት አደረጉበት። ኧረ ልጅዎ ከልክሏል ብንላቸው፣ «የሱ ምሳ እኮ ነው፤ ከሌላ ሰው ዳቦ ጋር ከተቀላቀለ አይበላልኝም» አሉን። እኛም ለይተን ሰጠናቸው።