ለሁሉም የጮኸ ቆርቆሮ፦ የአቶ ደምመላሽ ገብረ ጻድቅ የሕይወት ታሪክ

ትናንት ማክሰኞ ጠዋት፣ ጉሙ ከደጅ እስከ አጥር እንኳ አላሳይ ብሎ ሳለ፣ መጀመሪያ የተሰማው ድምፅ ነው። ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ የሚወጣ የሰው ድምፅ። ሰፈሩ ይህን ድምፅ አሳምሮ ያውቀዋል፤ ከአሥር ዓመት በላይ ሰምቶታል። ስለዚህም ብዙው ሰው ብርድ ልብሱን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ፣ «ደምመላሽ ተሻለው እንዴ? ደሞ ሊነዘንዘን ነው» እያለ ተገላብጧል። ቀረብ ሲል ግን ድምፁ የሴት ሆነ። «አቶ ደምመላሽ ገብረ ጻድቅ ዐርፈዋል። ቀብራቸው ነገ ረቡዕ በስድስት ሰዓት ነው። የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይል ነበር።

የጠሩት ሸክላ ሠሪዋ ወይዘሮ ሸዋወርቅ ናቸው። ወይዘሮ የተባሉት በስሕተት አይደለም። በዚህ ሰፈር የሰውን ሞት ሸክላ ሠሪ ሲጠራ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ እንዴት እዚህ እንደ ተደረሰም የሟቹ የሕይወት ታሪክ ራሱ ይናገራል።

አቶ ደምመላሽ ከአባታቸው ከአቶ ገብረ ጻድቅ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺእመቤት በኅዳር ወር 1914 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ። አባታቸው በአንኮበር ገበያ አዋጅ ነጋሪ ነበሩ። ልጃቸውንም ከጎናቸው አቁመው፣ «አዋጅ ጆሮ አይመርጥም፤ ባላባቱም ይስማ፣ የባላባቱ አህያም ትስማ» ይሏቸው እንደ ነበር አቶ ደምመላሽ እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ እየሳቁ ያወሩ ነበር።

ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ ጠላት አገር በመግባቱ ትምህርታቸው ተቋረጠ። በ1936 ዓ.ም. የስልክ መስመር ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። ለሠላሳ ዓመት፣ ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማ በር፣ ጣት በሚያደነዝዝ ብርድ ምሰሶ ላይ እየወጡ ሽቦ ቀጠሉ። የሥራ ጓደኞቻቸው ምሰሶውን ሲቆጥሩ እሳቸው የሚቆጥሩት ሌላ ነገር ነበር፤ ሽቦው ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲሄድ በስንት ጎጆ አናት ላይ ሳይቆም እንደሚያልፍ። በአንድ ቀን መንገድ መቶ አርባ ሁለት ጎጆ እንደ ቆጠሩ በማስታወሻቸው ጽፈው ተገኝቷል። ከሥሩ ምንም አልተጻፈም። ቁጥሩ ብቻ ነው ያለው።

በ1944 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዘርፈሽዋል ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። በ1966 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ያረፉ መስሏቸው ነበር።

በ1968 ዓ.ም. የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ድምፅ ማጉያ መጣለት። ባለ አራት አፍ ነበር፤ በረጅም የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ተሰቀለ፤ የሚሠራው በመኪና ባትሪ ነው። በምረቃው ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ይሁኔ ማይክራፎኑን ጨብጠው ስለ ሰው ልጆች እኩልነት አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገሩ። ማጉያው ግን አልተከፈተም ነበር። ከፊት ከቆሙት ከሃያ ሰዎች በቀር የሰማ የለም፤ ጭብጨባው ግን እስከ ገበያው ጫፍ ድረስ አልጎደለም። ጡረተኛው የስልክ ሠራተኛ ከሰው መሀል ወጥተው፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቅርታ፣ ይቺን ነገር እንጫናት» ብለው ቁልፏን ጫኑ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ሽቦ የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ ብቻ፣ ማጉያው የእሳቸው ኃላፊነት ሆነ።

ከመፈክሩና ከማርሹ በፊት በየጠዋቱ ግማሽ ሰዓት ለራሳቸው ወሰዱ። ማንም አልፈቀደላቸውም፤ ያን ጊዜ ሹማምንቱ ተኝተው ስለሚያረፍዱ የሚከለክልም አልነበረም። ፖስታ ቤት ደብዳቤ የመጣለትን ሰው ስም ይጠራሉ፤ ማንበብ የማይችል ከሆነ መጥቶ እንዲያስነብብ ይነግራሉ። የከብት ክትባት የት እንደ ደረሰ፣ የጣርማ በር መንገድ በጉም መዘጋቱን፣ ገብስ በደነባና በለሚ ገበያ እንዴት እንደ ዋለ ይናገራሉ። የአልዩ አምባው ነጋዴ አቶ አብዱልጀሊል በየቅዳሜው በርበሬና ጨው ጭነው ሲወጡ የቆላውን ወሬ ያመጡላቸዋል፤ የደጋውን ይዘው ይወርዳሉ። «ወላሂ ደምመላሽ፣ አህዮቼ ቢናገሩ አንተን ነበር የሚመርቁት፤ ስንቱን የከንቱ ዳገት አስቀረህላቸው!» ይሏቸው ነበር።

ሰፈሩ በዚህ ሁሉ ተጠቀመ። ምስጋና ግን ለሊቀመንበሩ ተጻፈ፤ በግድግዳ ላይ፣ በቀይ ቀለም።

አሁን ስለ ሞት ጥሪ መናገር ያስፈልጋል። ማጉያው ከመጣ ወዲህ ዕድሩ ጡሩምባ ማስነፋት ትቶ የሟችን ስም በማጉያው ያስጠራ ነበር። ከወንዙ ዳር ያሉት ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች ግን በዕድሩ መዝገብ የሉም። በዚህ ሰፈር ጠላው የሚጠመቀው በእነሱ ጋን፣ ወጡ የሚሠራው በእነሱ ድስት፣ መሬቱ የሚታረሰው በእነሱ ማረሻ ነው። እነሱ ራሳቸው ሲመጡ ግን ልጅ ወደ ጓዳ ይገባል፤ «ዓይናቸው ይበላል» ይባላል። ዕድሩ ስለማይመዘግባቸው ሞታቸው አይጠራም፤ ስላልተጠራ ሰው አይሄድም፤ ሰው ሳይሄድ ሲቀር ደግሞ፣ «እነሱ እኮ ቀባሪ እንኳ የላቸውም» ተብሎ ይወራባቸዋል። ይህን የመሰለ ብልሃት ያወጣ ሰፈር እኩልነትን በጭብጨባ መቀበሉ ሊያስገርም አይገባም።

በታኅሣሥ 1971 ዓ.ም. የወይዘሮ ሸዋወርቅ ባለቤት ቀጥቃጩ አቶ ወልደተንሣኤ ዐረፉ። አቶ ደምመላሽ እንደ ማንኛውም ጠዋት ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደው፣ ባትሪውን አገናኝተው፣ «አቶ ወልደተንሣኤ ዐርፈዋል፤ ቀብራቸው ዛሬ በስምንት ሰዓት ነው፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» አሉ። ሁሉም ሰማ። ላልሰማም አሰማ። ከወንዙ ዳር ሰዎች በቀር ለቀብር የተገኙት ግን አቶ ደምመላሽ፣ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል፣ ለገበያ ወጥተው የነበሩት አቶ አብዱልጀሊልና ሦስት የመንገድ ጓደኞቻቸው ብቻ ናቸው። የቀጥቃጩን ሬሳ ከቆላ የመጡ እስላሞች ተሸክመው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲያደርሱ፣ የደጋው ክርስቲያን በሩን ገርበብ አድርጎ ያይ ነበር።

በሣልስቱ ሐዘንተኛው በማጉያው ሰውን ማመስገኑ የሰፈሩ ልማድ ነው። አቶ ደምመላሽም ማይክራፎኑን ለወይዘሮ ሸዋወርቅ ሰጧቸው። እሳቸውም እንዲህ አሉ፦

«እኔ የወልደተንሣኤ ባለቤት ሸዋወርቅ ነኝ። ባሌን ለቀበራችሁልኝ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ጋሼ ደምመላሽ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እትዬ ዘርፈሽዋል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ አብዱልጀሊል ከነጓደኞችዎ፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥተው መጥተዋልና እግዜር ይስጥልኝ። ሌላው ሰው ቤቱ ቅርብ ነው፤ መንገዱ ርቆት ይሆናል።»

አራት አፍ ያለው ማጉያ ይህን ለአራቱም አቅጣጫ አደረሰ። ጓድ ይሁኔ እየሮጡ ደረሱ። ሲሮጡ የታዩት ያን ቀን ብቻ ነው። ከኪሳቸው ነጭ መሐረብ አውጥተው ማይክራፎኑን ጠረጉ፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ፤ ከዚያ በዚያው መሐረብ ጠቅልለው ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

«ይህ የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው፤ ማንም እየመጣ አይተነፍስበትም» አሉ።

«እሷስ ጓድ፣ ከሰፊው ሕዝብ አይደለችም?» ብለው አቶ ደምመላሽ ጠየቁ።

«ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው።»

ጥናቱ አሥር ዓመት ከአሥር ወር ፈጅቷል። ሌላ ሰው በዚህን ያህል ጊዜ ሐኪም ሆኖ ይመረቃል። በእነዚያ ዓመታት ማይክራፎኑ ከሊቀመንበሩ ኪስ ለሊቀመንበሩ ንግግር ብቻ ሲወጣ ኖረ፤ ስለ ጭቁኖች ብዙ ተብሎበታል። ዕድሩም ወደ ጡሩምባው ተመለሰ፤ ጡሩምባ ነፊውም መዝገብ ላይ ከሌለ ስም አይጠራም ነበር።

አቶ ደምመላሽ ግን ሽቦ ቢከለከሉ እግር ነበራቸው። የአቶ ወልደተንሣኤ ወንድም ከእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ አፉ ሰፊ፣ ጭራው ቀጭን የሆነ መጥሪያ ቀጥቅጠው ሠሩላቸው። እሱን በብብታቸው ሻጥ አድርገው ከቤት ይወጡና ከላይ ሰፈር እስከ ወንዙ ዳር እየዞሩ የደብዳቤውን ስም፣ የክትባቱን ቀን፣ የመንገዱን ወሬ፣ የሁሉንም ሞት ይጠሩ ጀመር። የወንዙ ዳር ሰዎች ወሬ ሰሚ ብቻ ሳይሆኑ ወሬ ሰጪም ሆኑ፤ የጠፋ በግ ያዩ እነሱ፣ የወንዙን ሙላት የሚያስጠነቅቁ እነሱ። በ1977 ዓ.ም. ከቆላ የተሰደደው ሕዝብ መንገዱን ሲሞላ አሲያ የምትባል አንዲት እናት የጠፋባትን ልጇን ያገኘችው ስሙ በዚያ ቆርቆሮ ሲጠራ ነው።

ቀበሌው ይህን ዝም ብሎ አላየም። «ያልተፈቀደ ቅስቀሳ» ተብለው ሁለት ሳምንት ታሰሩ። «ጓድ፣ ገብስ ረከሰ ማለት ቅስቀሳ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። «ረከሰ ከሆነ አይደለም፤ ተወደደ ካልክ ነው» ተባሉ። ሲፈቱ ከእስር ቤቱ በር ላይ ቆርቆሯቸውን ተቀብለው፣ ደምመላሽ መፈታቱን ራሳቸው ጠርተው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ጉሮሯቸውን ታመሙ። ሕክምና ተደረገላቸው፤ አልሆነም። በመስከረም ድምፃቸው ጨርሶ ጠፋ። ሐሳባቸውን በልጅ ልጆቻቸው ደብተር ላይ እየጻፉ ይናገሩ ጀመር። በዚህም ደብተር ለጓድ ይሁኔ ሦስት ጊዜ ላኩ። መልእክቱ አንድ ነው፦ «ማይክራፎኑን ለሰፈሩ መልሱልኝ። መዝገብ ሳይታይ የሁሉም ሞት ይጠራበት። ሌላ የምለምነው የለኝም።» ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ወስደው ሰጡ። ለመጀመሪያው፣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባሉ። ለሁለተኛው፣ «በጥናት ላይ ነው» ተባሉ። ለሦስተኛው መልስ አልመጣም።

አቶ ደምመላሽ ያን ጊዜ የመጨረሻውን ገጽ ጻፉ፦ «የወልደተንሣኤን ስም የከለከለ ጡሩምባ የእኔን አይንፋ። እኔን ሸዋወርቅ ትጥራኝ።»

ማክሰኞ ጥቅምት 14 ቀን 1982 ዓ.ም. ጎሕ ሲቀድ በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ወይዘሮ ሸዋወርቅም እንደ ቃላቸው ጠሯቸው። ዛሬ በዚህ አጸድ የቆመው ሰው ሁሉ የመጣው በወይዘሮ ሸዋወርቅ አፍ ነው። ልጁን ከእሳቸው ዓይን ይደብቅ የነበረው በእሳቸው ድምፅ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጥቷል። መንገዱም፣ እንደ ታየው፣ ሩቅ አልነበረም።

አቶ ደምመላሽ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዘርፈሽዋልን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ከአልዩ አምባ ትናንት ማታ የደረሱትን ወዳጃቸውን አቶ አብዱልጀሊልን፣ እንዲሁም ስማቸው በየትም መዝገብ ያልሰፈረ የወንዙ ዳር ቤተሰቦችን ትተው ሄደዋል። የማንንም ጎጆ ዘሎ የማያልፍ አምላክ በሚጠራበት ቀን የእሳቸውን ስም ከፊት ይጥራው፤ ነፍሳቸውን ካረፉት ጋር ያሳርፍ፤ ለቀረነውም መስማትን ይስጠን።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ሳይጻፍ እንዳይቀር ቤተሰቡ አዟል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ወይዘሮ ሸዋወርቅ በለቅሶው ቤት ከወይዘሮ ዘርፈሽዋል ጎን ተቀምጠው፣ ቆርቆሮው ከአጠገባቸው በአግዳሚው ላይ ሆኖ ሳለ፣ ጓድ ይሁኔ ገቡ። ቤቱ ብድግ አለ። ወይዘሮ ሸዋወርቅ አልተነሡም። ጓድ ይሁኔ ወደ እሳቸው ቀረቡ። ከካፖርታቸው ኪስ ነጭ የነበረ መሐረብ አወጡ፤ እንደ ተጠቀለለ፣ ከቆርቆሮው አጠገብ፣ ከወይዘሮ ሸዋወርቅ እጅ ሥር አስቀመጡት። የማይክራፎኑ ጭራ ሽቦ ከመሐረቡ ወጥቶ ይታይ ነበር።

«ጥናቱ አለቀ እንዴ፣ ጓድ ሊቀመንበር?» አሉ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል።

ጓድ ይሁኔ ባርኔጣቸውን አጠለቁና ወጡ።