ለክንዴ ዱባ ያልተዘረጋ እጅ

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለደረሰ፣ ከጂንካ ማዶ መንገድ ሥራ ላይ ላለኸው።

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህስ? የዚያ አገር ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ወባ አለበት ይላሉና አጎበሩን ሳትዘረጋ እንዳትተኛ። ምግቡስ ተስማማህ? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነን፤ እንጅባራም ብርዷን እንደያዘች አለች። ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም ልልህ ነበር፤ የጎደለብን ነገር ስላለ ነው የምጽፍልህ። ያለህበት ድረስ ኔትወርክ ስለማይደርስ ደብዳቤውን ለኪዳኑ ሰጥቼዋለሁ፤ አይሱዙውን ይዞ ወደዚያ ሲወርድ ያደርስልሃል።

በመስከረም ስትሄድ ስልክህን ትተህልኝ፣ በውስጡ ያለውን የጨዋታ እርሻህን አደራ ብለኸኝ ነበር። እኔም ጨዋታ ነው ብዬ እየሳቅሁ ተቀበልሁህ። የልብ ጓደኛህ ክንዴ ግን አልሳቀም። መናኸሪያ ድረስ ሻንጣህን ተሸክሞ የሸኘህ ሰው፣ ገና ጂንካ ሳትገባ «ዘንገና» ብላችሁ በጨዋታው ያቋቋማችሁትን ማኅበር ሰብስቦ፣ የደረሰን ማሳ ሁላችንም አጠጣንለት፣ የእኛ ተራ ሲደርስ ጠፋ፣ ወንፈል በልቶ የሚቀር ሰው ነው ብሎ አስወጣህ። መንገድ ላይ መሆንህን ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? የፈለገው የአንተን የመሪነት ቦታ ነበር፤ ያዘውም።

ነገሩ ስልክ ውስጥ ቢቀር ኖሮ እኔም እተወው ነበር። ግን የዘንገና አባላት እነማን ናቸው? ለአባየ አጨዳ ማጭድ ይዘው የሚመጡት የሰፈራችን ልጆች ናቸው። ኅዳር ላይ አባየ ገብሱን ለማጨድ ወንፈል ሲጠሩ አንዱ እግሬን አሞኛል አለ፣ ሌላው ጫግኒ መንገድ አለብኝ አለ። የእነ ደረሰ ቤት የሰው ጉልበት አይመልስም የሚለው ወሬ ቀድሞን ደርሷል። አባየ፣ እማየና እኔ ብቻችንን ስንታገል ዝናብ ወረደብንና የታችኛው ማሳ ገብስ እንደቆመ በቀለ። አባየ በዕድሜያቸው ወንፈል ሳይመልሱ ቀርተው አያውቁም፤ ያን ቀን የእኔ አንጀት ነው ያረረው። ክንዴን በዚያችው በእርሻው ካላዋረድሁት እታለማሁ አይደለሁም አልሁ።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታውን የምሬን ያዝሁት። ስትመለስ ይጠቅምሃልና ያወቅሁትን ልንገርህ። ቶሎ የሚደርሰውን ጎመን የምዘራው ስልኩን መልሼ የምከፍትበትን ሰዓት አስቤ ነው፤ ኔትወርክ ይጠፋል ብዬ ስጠረጥር ግን ደርሶም ሳይጠወልግ የሚቆየውን ስንዴ እዘራለሁ። ስንዴውን እንዳለ አልሸጥም፤ አስፈጭቼ፣ ዳቦ አድርጌ ነው የማወጣው። ሌላው ያማረ አጥርና ፏፏቴ ሲገዛ እኔ መሬት አሰፋለሁ። ክንዴና ተከታዮቹ ምን እንዳደረጉ ታውቃለህ? ጨዋታውንም ግራር ተክሎ ከሰል እንደሚያከስለው እንደ ፋግታ አገር አስመሰሉት። ልክ እዚህ በግራሩ እንደለመዱት ማሳውን በዛፍ ሞልተው ከሰል የሚያከስሉበትን ቀን ይጠብቃሉ። ጨዋታው ከሰል የሚባል ነገር አያውቅም፤ ዛፉ ቦታ ይዞ መቅረት ነው። እኔም በሆዴ እየሳቅሁ አልነገርኋቸውም።

ትልቁ ብልሃት ግን ጎረቤት ነው። የሌላውን ማሳ ስታጠጣ የምታገኘው ነጥብ ከራስህ ምርት ይበልጣል። ብዙ ጎረቤትም አያስፈልግህም፤ ቀን በቀን የሚከፍቱ ጥቂቶች ይበቁሃል። ከማኅበሩ ብንወጣም በጨዋታው ጎረቤትነታችን አልተቋረጠም፤ ስለዚህ በየማለዳው የዘንገናን ሰዎች ማሳ እየዞርሁ አጠጣሁ፤ የጎደላቸውን ዘር በስጦታ ላክሁ፤ የክንዴን በር ብቻ እያለፍሁ። መጀመሪያ ጎረቤታችን አምሳለ እሱን ትታ ወደ እኔ መጣች፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏት። ክንዴ በመሪነቱ ልቡ አብጦ ይህን ልብ አላለም። በጥምቀት ሰሞን የምርት ውድድር ሲመጣ ዛፉን ሁሉ አንሥቶ፣ ያለ የሌለ መሬቱን ትልቁን ዱባ ዘራበት። አሸንፋለሁ ብሎም ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። ዱባው ደግሞ ጎረቤት ካልነካው አይለቀምም፤ ቀኑ ካለፈ ይበሰብሳል። ማንም አልነካለትም።

በራችን ላይ ቆሞ ሲለማመጠኝ ብታየው። አንድ ጊዜ ብቻ ንኪልኝ አለኝ። በሬዎችህን ይዘህ የአባየን ገብስ ውቃ፣ ሲመሽ እነካልሃለሁ አልሁት። ለስልክ ዱባ በሬ እየነዳ መጣልህ። ቀኑን ሙሉ አውድማው ላይ ሲዞር፣ ገለባውን በመንሽ ሲበትን ዋለ። አባየ ምኑንም አያውቁምና ዘርተህ ቃም፣ ወልደህ ሳም ብለው መረቁት። እሱ ሲሄድ ስልኩን ከፈትሁ፣ ዱባውን አየሁት፣ መልሼ ዘጋሁት። ሲነጋ በስብሶ ነበር።

ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም። ያ ቆሞ የበቀለው ገብስ እየታወሰኝ ደስ አለኝ። ክንዴም በዱባ ተታልዬ በሬ ነድቼ ሄድሁ ብሎ ለማን ያወራል?

ትናንት ግን አባየ ጠሩኝና፣ ክንዴ ማክሰኞ የመስኖ ድንች ይተክላል፣ እኔ ወገቤን አሞኛል፣ ወንፈሉን አንቺ ትመልሺለታለሽ አሉኝ። ሌላ ሰው ይሂድ ብል ምክንያቱን መናገር ሊኖርብኝ ነው። እሄዳለሁ። ከኋላው እየተከተልሁ ቀኑን ሙሉ ዘር ስጥል ፊቱን እንዴት እንደማየው አላውቅም። የእነ ደረሰ ቤት ወንፈል በልቶ ይቀራል ያለ ጊዜ ውሸቱን ነበር። አሁን ስለ እኔ ቢለው እውነቱን ነው።

እማየ ጉንጭህን ትስማለች፤ በሶ አዘጋጅታ ለኪዳኑ ሰጥታልሃለች። ትንሿ እህታችን ሶስና ለፈረስ በዓሉ አይመጣም ወይ እያለች ትጠይቃለች፤ ናፍቀሃታል። አባየ ከልብ ሰላም ይሉሃል። ጓደኛህ ክንዴ በሬውን ይዞ መጥቶ ደገፈኝ፣ እንዲህ ያለ ሰው አያሳጣህ በይልኝ ብለዋል። ቃላቸውን እንዳለ ጽፌልሃለሁ።

እህትህ እታለማሁ
እንጅባራ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.